ለጀማሪ ጊታር ሲገዙ ከቀለሙ በፊት አንገቱን

ጀማሪ በሁለተኛው ወር ጊታሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ ሰንፎ አይደለም። ክሩ ከአንገቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣቱ ቆስሎ ነው፤ አለዚያም የቃኘው ሳይቆይ እየረገበበት። በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ዋጋ ጎን ለጎን ከተሰቀሉ ሁለት ጊታሮች አንዱ ሊመች አንዱ እንቢ ሊል ይችላል። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ለሚያብረቀርቅ ቀለምና በጎኑ ለተገጠመ ባለባትሪ የድምፅ ማስተካከያ (ኢኳላይዘር) አይክፈሉ።

ቦክስ ጊታር ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለናይለንና ባለሽቦ ክር። ናይለኑ ለጣት ይራራል፤ አንገቱ ግን ሰፊ ነው፣ ክሩ በሚቃኝበት በኩል ባለው ጫፉ ላይ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሽቦው 43 ገደማ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይቀላል፤ ኮርድ እየመቱ ለመዝፈንም ደመቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ጣትን ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳምማል። ክራር በጣቱ መግረፍ የለመደ ልጅ ናይለኑን ቶሎ ይላመደዋል። ከ8 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 3/4 መጠን፣ ከ12 ዓመት በላይ ለሆነው ሙሉው ይሁን። «ያድግበታል» ብሎ ትልቁን መግዛት ለጫማም አልበጀም።

የያማሃ ሲ40 (ናይለን) እና ኤፍ310 (ሽቦ) ለጀማሪ ከሚመረጡት ውስጥ ናቸው። ቢሆንም የሚፈተሸው ስሙ ሳይሆን እጅዎ ላይ ያለው ጊታር ነው። እኛ ካለንበት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፒያሳ የገዙትን ለመቀየር መመለስ የአንድ ቀን ሥራና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ያስወጣል። ስለዚህ ፍተሻው እዚያው ሱቁ ውስጥ ይጨረስ።

መጀመሪያ ያስቃኙት፤ ያልተቃኘ ጊታር አይፈተሽም። ከዚያ የባንክ ካርዶችዎን ያውጡ። አንድ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ጎበጥ ብሎ በታተመበት በኩል ግን አይለኩ። አንገቱን የሚያቋርጡት የብረት ዘንጎች ፍሬት ይባላሉ፤ የሚቆጠሩትም ከጫፉ ጀምሮ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ክሩን ሳይጫኑ፣ ካርዶቹን ደራርበው በወፍራሙ ክር ሥር ያስገቡ። ባለሽቦው ጊታር ላይ ሦስት ካርድ ክሩን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ልኩ ነው፤ አራት ካርድ እንደልብ ከገባ ጣት ይጎዳል። ባለናይለኑ ላይ በወፍራሙ በኩል አምስት፣ በቀጭኑ በኩል አራት ይፈቀዳል።

ቀጥሎ ክሩን 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭነው 7ኛው ላይ ይመልከቱ። እንደ ወፍራም ወረቀት የምትቀጥን ክፍተት መኖር አለባት። ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ወደ ክሩ ጎብጧል፤ ምንም ከሌለ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ክሩም ፍሬቱን እየመታ ዝዝ ይላል። ባለሽቦው አብዛኛውን ጊዜ በአንገቱ ውስጥ በባለ ስድስት ጎን መፍቻ የሚስተካከል ብረት አለው። ርካሹ ናይለን ብዙውን ጊዜ ስለሌለው ከጎበጠ ይተዉት።

አሁን እያንዳንዱን ክር በትዝታ ያስሞክሩ። ክፍቱን ክር፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 7፣ 9 እና 12ኛውን ፍሬት በተራ ይምቱ፤ በማንኛውም ክር ላይ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ጆሮ ቀድሞ የሚያውቀው ቅኝት ስለሆነ የተዛባው ፍሬት ወዲያው ይሰማል። በበገና ዝዝታውን እንዚራው (በክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ሆን ተብሎ ያመጣዋል፤ ጊታር ላይ አንድ ፍሬት ብቻ ዝዝ ካለ ግን ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። 12ኛው ላይ በጣት ጫፍ ነካ ተደርጎ የሚወጣው ድምፅና ተጭነው የሚያወጡት ድምፅ በስልክ መቃኛ እኩል መሆን አለባቸው። የተጫኑት ከቀጠነ አንዱ ምክንያት የክሩ ከፍታ ነው፤ ክሩ ወደ ታች ሲገፋ ስለሚለጠጥ።

ያገለገለ ከሆነ አንዲት ወረቀት በብሪጁ (ክሮቹ በታች የሚታሰሩበት፣ ፊቱ ላይ የተጣበቀው እንጨት) ኋላ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባች ማጣበቂያው ለቋል። ይህ የሚመጣው በተለይ በናይለን ጊታር ላይ ሽቦ ክር ሲታሰር ነው፤ የናይለን ክሮች ጠቅላላ ውጥረት 40 ኪሎ ገደማ ሲሆን የሽቦው 70 ገደማ ይደርሳል። የጊታሩን የድምፅ ቀዳዳም ጠርዙ ላይ ያስተውሉ፤ የፊቱ እንጨት መስመር ወደ ታች ከቀጠለ አንድ ወጥ እንጨት ነው፣ ከተደራረበ ኮምፖንሳቶ ነው። ለጀማሪ ኮምፖንሳቶው ይሻላል፣ የአየር ለውጥ ይችላልና።

በእኛ አካባቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ፣ በመንገድ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት። በታኅሣሥና ጥር ደረቅ ብርድ እንጨቱ ይሸማቀቃል፣ ብረቱ ፍሬት ግን አይሸማቀቅም፤ ጫፉ ወጥቶ እጅን ይቧጭራል። ሲገዙም መዳፍዎን በአንገቱ ጠርዝ ያንሸራቱ። በበጋ ቀዳዳ በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ተጨምቆ የረጠበ ስፖንጅ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ያኑሩ። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። ሚኒባስ ጣሪያ ላይም አያስጭኑት፤ ቦርሳው ስስ ከሆነ አንገቱን በጋቢ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ ይያዙት፣ ክሮቹንም አንድ ድምፅ ያህል ያርግቧቸው።

ከዓመት በላይ የተማረ ሰው አዲስ ጊታር ከማሰቡ በፊት ክር ይቀይር፤ ሽቦ ከሆነ በማሸጊያው ላይ የክሩ ውፍረት 10 ወይም 11 የሚለውን ይምረጥ፣ ይለሰልሳል። ከፍታው ካስቸገረው ብሪጁ ላይ ያለችውን ነጭ ቁራጭ አውጥቶ ከታች በኩል ብቻ ይፈቃት። 12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ለማውረድ ከቁራጩ አንድ ሚሊ ይቀነሳል። በእርሳስ መስመር አስምሮ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንጥፎ፣ ቁራጩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ማሸት ነው። አሥር ጊዜ ባሸ ቁጥር እየመለሰ ይለካ፤ ከላይ በኩል ያለውን ጉብታ ከነካው ቅኝቱን ያበላሸዋል፣ ከመጠን በላይ ከፋቀውም አዲስ ቁራጭ መፈለግ አለበት።