የቼኮዝሎቫኪያን የ1930ዎቹ የድንበር ምሽጎች ሜዳ ላይ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በቼክ ሪፐብሊክ ድንበር አካባቢ በእግር የሚጓዝ ሰው ጫካ ውስጥ፣ እርሻ ዳር፣ አንዳንዴም በመኖሪያ ቤት ጓሮ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ግራጫ የአርማታ ጉብታ ያጋጥመዋል። አብዛኛው ሰው ፊቱን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የእነዚህ ምሽጎች ፊት ምንም እንዳይታይበት ታስቦ የተሠራ ነው። ምሽጉ የሚነበበው ከጎኑ፣ ከጀርባውና ከጎረቤቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው አንድን ምሽግ ዓይነቱን ለይቶ፣ የተኩስ መስመሩን ተከትሎ፣ ከ1938 ወዲህ የደረሰበትን ከጠባሳው ለማወቅ የሚያስችል አሠራር ነው። ዓመታቱና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መስመሩን በአጭሩ። ሂትለር በ1933 ጀርመን ውስጥ ሥልጣን ሲይዝ፣ ከጀርመን ጋር ረጅም ድንበር የነበራት ቼኮዝሎቫኪያ ወደ ምሽግ ግንባታ ገባች። ማርች 1935 የምሽግ ሥራዎች ዳይሬክቶሬት ተቋቋመ፤ የመራው ጄኔራል ካሬል ሁሳሬክ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም በቼክኛ ሲያጥር ርዦፕ ይባላል፤ ሕዝቡም ትንንሾቹን ምሽጎች ከዚሁ ተነስቶ «ርዦፒክ» አላቸው። ሜዳ ላይ የሚያጋጥማችሁ በአብዛኛው ርዦፒክ ነው። የ1936 ሞዴል ከ1,000 ያነሰ፣ የ1937 ሞዴል ደግሞ ከ9,000 በላይ ተሠርቷል። ከባዶቹ፣ ባለ ሁለት ፎቅ የእግረኛ ጦር ምሽጎችና ከመሬት በታች በዋሻ የተያያዙት የመድፍ ምሽጎች፣ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ከመድፍ ምሽጎቹ መካከል ግንባታቸው ያለቀው አምስት ብቻ ናቸው፦ ስሞልኮቭ፣ ሁርካ፣ ቦውዳ፣ አዳም እና ሃኒችካ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ማፒ የተባለው የቼክ የኢንተርኔት ካርታ የእግረኛ ገጽታው ብዙዎቹን ምሽጎች ያሳያል። ርዦፒኪ ዶት ኔት የተባለው የአፍቃሪዎች መዝገብ ደግሞ የቀላሎቹን ዓይነትና አቀማመጥ አንድ በአንድ ይዟል። ከሁለቱም የሚበልጥ ጥቅም ያለው ግን የ1950ዎቹ የአየር ፎቶ ነው፤ በመንግሥት የአካባቢ መረጃ ድርጅት በሴኒያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የሆነው ቦታ ያኔ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ይህን ሳያዩ የሚሄዱ ሰዎች «ይህ ምሽግ ምንም አያይም፣ ለምን እዚህ ሠሩት?» ብለው የመሐንዲሱን ችሎታ ይጠራጠራሉ። የከለለው ከዚያ ወዲህ የበቀለ ዛፍ ነው።

የምትይዙት ይህን ነው፦ ኮምፓስ፣ 5 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ካላችሁም የሌዘር መለኪያ፣ ሁለት ባትሪ (አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር)፣ የራስ ቁር፣ ውሃ የማያስገባ ቦቲ፣ ደብተር። ጥሩው ወቅት ቅጠል የረገፈበት የበልግ መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ነው። በበጋ ቁጥቋጦው ግማሹን ምሽግ ይውጠዋል።

ዓይነቱን መለየት

የመጀመሪያው ጥያቄ የመተኮሻ ቀዳዳው ወዴት ይመለከታል የሚል ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ጠላት አቅጣጫ ፊት ለፊት ከተከፈቱ፣ ግድግዳው ቀጭን፣ ቅርጹም ተራ ሳጥን ከሆነ የ1936 ሞዴል ነው። ይህ ሞዴል ድክመቱ ቶሎ ታየ፤ ፊት ለፊት የሚተኩስ ምሽግ ራሱም ፊት ለፊት ይመታል፣ ቀዳዳውም ለጠላት መድፈኛ ጥሩ ዒላማ ይሆናል። በ1937 ሞዴል ይህ ተገለበጠ። ፊቱ ያለ ቀዳዳ የተደፈነ አርማታ ሆኖ ድንጋይ ተደርድሮበት አፈር ለበሰ፤ ጥይቱ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ድንጋዩ ላይ እንዲፈነዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን ዞሩ፣ ግድግዳውም እንደ ጆሮ ወደ ውጭ ወጥቶ ከፊት ከለላቸው።

የ1937ቱ ሞዴል ከኤ እስከ ኢ ባሉ ፊደላት ይከፈላል። ደጋግማችሁ የምታገኙት ኤ ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚተኩስ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ። ዲ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይተኩሳል። ሲ ትንሽ ናት፤ ትልልቆቹ የማያዩትን ጎድጓዳ ቦታ ለመሸፈን ትቀመጣለች። ከኤ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ ኤ-140፣ በሁለቱ የተኩስ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ማዕዘን በዲግሪ ነው። መሐንዲሶቹ ምሽጉን ከመሬቱ ጋር ለማስማማት ከ120 እስከ 220 ድረስ በ20 በ20 ልዩነት ነድፈዋል፤ ስለዚህ ሁለት ኤ ምሽጎች ሲታዩ የማይመሳሰሉ ቢሆኑ አትደናገሩ።

ማዕዘኑን በኮምፓስ ስትለኩ ቀዳዳው ሥር አትቁሙ። የቀዳዳው የብረት ፍሬምና አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ መርፌውን ይስበዋል፤ ንባቡ በብዙ ዲግሪ ይዛባል። በቀዳዳው መስመር ላይ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁና ወደ ቀዳዳው አነጣጥራችሁ አንብቡ፣ 180 ደምሩ ወይም ቀንሱ። ሁለቱን ጎኖች በዚህ መንገድ ለክታችሁ ልዩነታቸውን ለቅርቡ ሃያ አጠጉት። 43 እና 181 ካገኛችሁ ልዩነቱ 138 ነው፤ ይህ ኤ-140 ነው።

ከዚያ ውፍረቱ ይመጣል። መደበኛው ምሽግ የፊት ግድግዳው 80 ሳንቲሜትር፣ የተጠናከረው 120 ነው። ፊቱ አፈር ስለለበሰ በቀጥታ አይለካም። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለውን ለኩ። ቀጥሎ በበሩ በኩል የኋላ ግድግዳውን ውፍረት፣ በመጨረሻም የውስጡን ጥልቀት ያዙ። ከመጀመሪያው ሁለቱን ስትቀንሱ የቀረው የፊት ግድግዳው ነው። የጣሪያውን የፊት ጠርዝ አፈርና ሣር ስለሚሸፍነው ጠርዙን በእጃችሁ ሳታገኙ አትለኩ፤ 30 ሳንቲሜትር የሚሳሳቱት ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። የጣሪያው ውፍረት ግን ቀላል ነው፦ የፔሪስኮፑ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ሜትሩን በእሱ አውርዱት።

ከባድ ምሽግ ሲያጋጥማችሁ ሌላ ዓለም ነው። ከቀዳዳዎቹ ሥር ጥልቅ ቦይ አለ፤ የሚፈነዳ አርማታና የመትረየስ ቀለህ እዚያ እንዲወድቅና ቀዳዳው እንዳይደፈን፣ ጠላትም እንዳይጠጋ ነው። ዋና መሣሪያው 47 ሚሊሜትር ፀረ ታንክ መድፍ ከከባድ መትረየስ ጋር ተጣምሮ የተገጠመበት ነበር። ትልቁ የጥንካሬ ደረጃ አራተኛው ነው፤ ውፍረቱ 3.5 ሜትር ይደርሳል። ስሙ ላይ ያሉት ፊደላት የግንባታ ክፍሉን ያሳያሉ፦ ኬ ለክራሊኪ፣ ኤን ለናኾድ፣ ኤም ኦ ለሞራቭስካ ኦስትራቫ፤ ኤስ ደግሞ ምሽግ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በምዕራቡ ድንበር የምታዩት ሁሉ የ1938 አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በፋብሪካ ከተዘጋጁ የአርማታ ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ መጠለያዎች ተተክለዋል። መጋጠሚያ መስመሩን ፈልጉ። የ1937ቱ ርዦፒክ ግን ወጥ ሆኖ የተሞላ ነው፤ ላዩ ላይ የካሳፎርማው ጣውላ አሻራ በአግድም ይታያል።

የተኩሱን መስመር መከተል

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ ላይ አጥፉ። አንድ ርዦፒክ ብቻውን ዕውር ነው። የራሱን ፊት መከላከል አይችልም፤ የሚከላከለው የጎረቤቱን ፊት ነው፣ የእሱን ደግሞ ጎረቤቱ። ጀርባችሁን ለቀዳዳው ሰጥታችሁ በተኩሱ አቅጣጫ ሂዱ። በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ቀጣዩን ታገኛላችሁ፤ አንዱ ቀዳዳውም ወደ መጣችሁበት ይመለከታል። ሁለቱ መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ቁሙ። እሾህማ ሽቦው የተዘረጋው፣ ፀረ ታንክ እንቅፋቱም የተደረደረው እንዲህ ያለ የተኩስ መስመር በሚሸፍነው ቦታ ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የብረት ጃርት፣ በሦስት አቅጣጫ የተጣመረው ፀረ ታንክ እንቅፋት፣ የተወለደው ለእነዚህ ምሽጎች ነው።

ጎረቤቱን ካጣችሁት ከሦስት አንዱ ሆኗል፦ ተሠርቶ ፈርሷል፣ ታቅዶ ሳይሠራ ቀርቷል፣ ወይም መሬቱ ወድቆ ተቀብሯል። የአየር ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ተሠርቶ ነበር።

ጠባሳውን ማንበብ

ምሽጎቹ በታቀደላቸው ጦርነት አልተዋጉም። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1938 ምሽት 4:30 ሰዓት ላይ አጠቃላይ ክተት በሬዲዮ ታወጀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው መሣሪያ ታጠቀ። በሳምንቱ ሙኒክ ላይ አራት ኃያላን፣ ቼኮዝሎቫኪያ በሌለችበት፣ የድንበሩን አገር ለጀርመን ሰጡ፤ ወታደሮቹም በኦክቶበር ከምሽጎቹ ወጡ። ስለዚህ የምታዩት ቀዳዳ ሁሉ የ1938 ውጊያ ምልክት ነው ብላችሁ አትጻፉ።

ምቶቹ አንድ ቀዳዳ ወይም አንድ ጉልላት (ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የብረት ክዳን) ላይ ተጠጋግተው ከተደረደሩ፣ ጀርመኖች የመድፋቸውን ኃይል የሞከሩበት ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ላይ ጫፉ የተቦጨቀ ክብ ጉድጓድ ካለ የብረቱ ጉልላት በፈንጂ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ጀርመኖች ብረቱን ለሌላ ሥራ ፈልገውት ነበር። ጣሪያው ተነስቶ ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ ከተከፈቱ ፍንዳታው ከውስጥ ነው፤ ታስቦበት የተደረገ ማፍረስ ማለት ነው። የበሩና የቀዳዳው ብረት በንጽሕና ተቆርጦ ከሆነ ግን ፈንጂ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ ለቁርጥራጭ ብረት የተለቀመ ነው። እውነተኛ የውጊያ ጠባሳ ማየት የሚፈልግ ወደ ኦስትራቫና ህሉቺን አካባቢ ይሂድ። በ1945 ጸደይ ጀርመኖች እነዚያን ምሽጎች ይዘው ከቀይ ጦር ጋር ተዋግተዋል፤ የመጀመሪያው የቼኮዝሎቫክ ታንክ ብርጌድም በዚያ ዘመቻ ተሰልፏል።

ውስጥ ስትገቡ

ብዙዎቹ ርዦፒኮች የግል ንብረት ናቸው፤ ሠራዊቱ ለግለሰቦችና ለማኅበራት ሸጧቸዋል። በሩ ላይ ቁልፍ ካለ ባለቤት አለው። ከባድ ምሽግ ውስጥ ወለሉ ላይ የጉድጓድ ውሃና የመወጣጫ ክፍት ቦታ አለ፤ ጥቁር ውሃ ካያችሁ በእንጨት ሳትለኩ እግራችሁን አታስገቡ። የሚወጣ ፌሮ የሚያገኘው ግንባርን ነው፣ የራስ ቁሩ ለዚህ ነው። ብቻችሁን አትግቡ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የሌሊት ወፎች ውስጡ ስለሚተኙ ከደጅ ብቻ ሥሩ፤ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ በመብራት የነቃችውም በክረምቱ መሐል ጉልበቷን ጨርሳ ትሞታለች። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ሳትነኩ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ወደ 158 ደውሉ።

የርዦፒክ መግቢያ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ታጥፎ ይገባል፣ መጀመሪያ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያ ወፍራም የብረት በር ነበረው። ወደ መግቢያው የሚያነጣጥር ትንሽ ቀዳዳ ፈልጉ። ግድግዳውን ሰንጥቆ በሰያፍ የሚወርደው ቱቦ የእጅ ቦምብ ወደ ውጭ የሚንሸራተትበት ነው። የባሩድ ጭስ የሚያወጣው ማራገቢያ በእጅ የሚዞር ነበር። አልጋ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ሰባቱ ሰዎች እዚህ የሚገቡት ለመዋጋት እንጂ ለመኖር አልነበረም።

ዕቃው የተሟላ ውስጥ ታዩ ዘንድ ቢያንስ አንድ የታደሰ ምሽግ ቀድማችሁ ጎብኙ፤ ባዶውን ክፍል ከዚያ በኋላ ታነቡታላችሁ። በሰሜን ሞራቪያ በህሉቺን-ዳርኮቪችኪ ያለው ግቢ ከባዱንም ቀላሉንም አንድ ቦታ ያሳያል። በክራሊኪ ዙሪያ ሁርካና ቦውዳ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ከመሬት በታች ያለው ክፍላቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ጃኬት ያዙ። በደቡብ ዝኖይሞ አጠገብ ሻቶቭ አለ።

ምሽጉና ነዋሪው

አርማታውን ብቻ የለካ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው። መስመሩ የሚያልፈው በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ በሚኖርበት አገር ነበር። የ1936ቱ የአገር መከላከያ ሕግ፣ ቁጥር 131፣ መንግሥት «የማይታመኑ» ያላቸውን ድርጅቶች ከመከላከያ ሥራ እንዲያገል ሥልጣን ሰጠው። ጀርመንኛ ተናጋሪው ነዋሪ ግንባታውን ከደጁ እያየ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የድንበር ጥበቃ ኃይል ደግሞ ፖሊስን፣ የጉምሩክ ዘብንና ተጠባባቂ ወታደርን አንድ ላይ አሰለፈ። ሠራዊቱ ለቼኩ ነዋሪ መከታ፣ ለብዙ ጀርመን ጎረቤቱ የባዕድ ኃይል ነበር። ይህን ሳይዙ «ለምን አልተዋጉም?» የሚለውን፣ ቼኮች ዛሬም የሚከራከሩበትን ጥያቄ መረዳት አይቻልም።

ስለዚህ በመንደሩ ሽማግሌ ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመኖች ከአገር ተባርረዋል። ዛሬ በድንበሩ የሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከ1945 በኋላ የሰፈሩ ናቸው፤ ስለ 1938 የሚነግሯችሁ የሰሙትን እንጂ ያዩትን አይደለም። የተሻለው ምንጭ የመንደሩ ዜና መዋዕል ነው። ከ1920 ጀምሮ እያንዳንዱ አስተዳደር እንዲጽፍ በሕግ ይገደዳል፤ የቆየው በየወረዳው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይቀመጣል። የ1937ና የ1938 ገጾችን ጠይቁ። በጀርመን መንደሮች የተጻፈው በጀርመንኛ፣ ብዙውን ጊዜም በአሮጌው የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የግንባታው ፕላንና ደብዳቤ ደግሞ በፕራግ በወታደራዊው ቤተ መዛግብት በርዦፕ ስም ይገኛል፤ ስትጠይቁ የግንባታ ክፍሉን ፊደልና የምሽጉን ቁጥር አብራችሁ ስጡ፣ የመንደር ስም ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።