ለጥልቅ ውሃ ትሮሊንግ የዳውንሪገር ክብደት እንዴት እንደሚመረጥ

የዳውንሪገሬ ቆጣሪ 120 ጫማ ይላል። ሽቦው ግን ወደ ጀልባው ኋላ ተኝቷል። ሐምሌ ላይ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ሲያትል አጠገብ ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ። ሳልመኖቹ ሶናሩ (ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩኛል፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አንድም አልነከሰልኝም። ሽቦው ላይ የሰቀልኩት የእርሳስ ብረት 8 ፓውንድ ነበር። ጓደኛዬ 15 ፓውንዱን አውጥቶ ሰጠኝ። ሽቦው ቀና አለ። ብዙም ሳይቆይ ጎብጦ የነበረው ዘንግ እመር ብሎ ተነሳና መጠቅለያው ይንጫጫ ጀመር። የእርሳስ ክብደት ምን ያህል እንደሚወስን የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ትሮሊንግ ጀልባው እየሄደ ማባበያ ከኋላ እየጎተቱ ማጥመድ ነው። ዳውንሪገር ደግሞ ጀልባ ላይ የሚታሰር የሽቦ ማጠንጠኛ ነው። ሽቦው ጫፍ ላይ ከባድ እርሳስ ይንጠለጠላል። የዘንጋችሁ ክር እዚያው እርሳሱ አጠገብ በክሊፕ ይያዝና አብሮ ይወርዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከክሊፑ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትጎትቱት ዓሣውን ብቻ ነው።

1. መሣሪያችሁ ስንት እንደሚችል እዩ

መመሪያው ላይ ትልቁ ክብደት ተጽፏል። ከዚያ አትለፉ። በእጅ የሚዞሩት ትንንሾቹ ቀለል ያለ እርሳስ ነው የሚፈልጉት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብዙዎቹ 15 ፓውንድ ያለ ችግር ያነሳሉ።

2. በጥልቀቱ ጀምሩ

አጥማጆች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ ለየ 10 ጫማው 1 ፓውንድ። 80 ጫማ ላይ 8፣ 120 ጫማ ላይ 12 ማለት ነው። መነሻ ይሁናችሁ እንጂ ሕግ አይደለም። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ለፒዩጄት ሳውንድ 12 ፓውንድ (5.4 ኪሎ ገደማ) እገዛለሁ። ሁለተኛው 15 ይሆናል።

3. ፍጥነቱንና የውሃውን ፍሰት አስቡ

ለሳልመን ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይል ነው የሚኬደው። ከ2 ወደ 3 ስትወጡ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ውሃው እርሳሱንና ሽቦውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጂፒኤስም እዚህ ላይ ያሳስታል፤ የሚነግራችሁ ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በሚፈጠረው የውሃ ፍሰት ላይ ፊት ለፊት ስትሄዱ ጂፒኤሱ 1 ማይል እያለ እርሳሱ በ3 ማይል ውሃ ሊመታ ይችላል። በእንደዚህ ዓይነት ቀን ከባዱን ስቀሉ።

4. ቅርጹን ምረጡ

ክብ ኳስ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ኋላው ላይ ክንፍ ያለው ግን አይሽከረከርም፤ ክሩም አይጠማዘዝም። ሁለት ዳውንሪገር ካላችሁ ጠፍጣፋውን ሞክሩ፤ ክንፉን በትንሹ ወደ ውጭ ስታጥፉት ሁለቱ እርሳሶች ይራራቃሉ።

5. ሽቦውን አንብቡ

ዋናው ይሄ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የለቀቃችሁትን ሽቦ ነው፤ ጥልቀቱን አያውቅም። ሽቦው ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካዘነበለ፣ 120 ጫማ ለቃችሁ ያላችሁት ወደ 104 ጫማ ላይ ነው። 45 ዲግሪ ከሆነ 85 ገደማ። ሽቦው ውሃ ውስጥ ስለሚጎብጥ ቁጥሩ ግምት ነው፣ ግን የሳልመኑን ምሳ ከራሱ በላይ 30 ጫማ አሳልፋችሁ እየጎተታችሁ እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል።

ስለዚህ እርሳሱን አውርዱ፣ ፍጥነቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ ሽቦውን እዩ። ከ30 ዲግሪ ካለፈ ወይ ፍጥነት ቀንሱ ወይ ክብደት ጨምሩ። እኔ ክብደት መጨመሩን እመርጣለሁ፤ ማባበያው በደንብ የሚዋኝበትን ፍጥነት ላለማጣት። ሽቦውን ከእሱ በቀጠነ የተሸረበ ገመድ መተካትም ይረዳል፤ ከገመዱ ቅጥነት የተነሳ ውሃው የሚገፋው ያንሳል።

በብርዱ ወራት ደግሞ ብላክማውዝ አለ፦ እዚያው ሳውንድ ውስጥ ቆይቶ የሚያድገው ኪንግ ሳልመን። እሱ ወለሉ አጠገብ ነው የሚመገበው። እርሳሱ አሸዋውን እስኪነካ አውርዱና ጥቂት ጫማ ከፍ አድርጉት፤ በየጊዜው መልሳችሁ አስነኩት። ቀላል እርሳስ ሲነካ እንኳን አይታወቃችሁም፤ 15 ፓውንዱ ግን ዱብ ሲል ዘንጉ ጫፍ ላይ ታዩታላችሁ። ድንጋይ ላይ ተይዞ መቅረትም ስላለ ትርፍ እርሳስ ሳትይዙ አትውጡ።

6. አያያዙ

እርሳሱን ስታወጡ ውሃው ላይ ሲደርስ ቀስ በሉ። የሚወዛወዝ 15 ፓውንድ የጀልባውን ጎን ይሰብራል፣ ጣትም ያደቃል። ጎማ ወይም ፕላስቲክ የተለበጠውን ግዙ፤ ራቁቱን እርሳስ በእጅ ማገላበጥ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ በተለይ ልጆች ጀልባው ላይ ካሉ። ከብረት የተሠራም አለ። ያው ክብደት ሆኖ ግን ከእርሳስ ስለሚገዝፍ ውሃው ይበልጥ ይገፋዋል፤ አንድ ደረጃ ከበድ ያለውን ውሰዱ። የሰቀላችሁት እርሳስ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ የቆሎውን ፌስታል አትክፈቱ።