የወረደ ጡትን በቀዶ ሕክምና ለማንሳት ካሰብሽ

ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ያለ ጠባሳ የሚነሳ ጡት የለም። በክርና በመርፌ ብቻ አነሳለሁ የሚልሽ ካለ ከወራት በላይ የሚቆይ ነገር አይሰጥሽም። ስለዚህ ከምክክሩ መልሱን ይዘሽ መውጣት ያለብሽ ጥያቄ ይሄ ነው፤ የእኔ ጡት እንዲነሳ ምን ያህል ጠባሳ ያስፈልጋል?

ምክንያቱን ቶሎ እንለፈው። ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም፤ ያለው እጢ፣ ስብ እና እነዚህን ከቆዳው ጋር የሚይዙ ስስ ጅማቶች ናቸው። እርግዝና ሲደጋገም፣ ክብደት ብዙ ጨምሮ ሲቀንስ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ ሲጋራ ሲጨስ እነዚህ ይላላሉ። ማጥባት ነው ያወረደው ይባላል፣ ግን ጥፋቱ የእርግዝናው እንጂ የማጥባቱ አይደለም። አንዴ ከላላ ደግሞ ቅባት አይመልሰውም። ፑሽአፕም ከጡቱ ስር ያለውን የደረት ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ጡቱን አያነሳም። በነገራችን ላይ የጡት መውረድ በሽታ አይደለም። ካልረበሸሽ ምንም ማድረግ የለብሽም።

ከረበሸሽ መጀመሪያ ለኪው። መስታወት ፊት ያለ ጡት መያዣ ቀጥ ብለሽ ቁሚና ጡትሽ ከደረትሽ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ላይ ማስመሪያ አግድም ያዢ። ከዚያ የጡትሽ ጫፍ የት እንዳለ እዪ። ከማስመሪያው ጋር እኩል ከሆነ ቀላል ነው። ከማስመሪያው ወርዶ፣ ግን ከጫፉ በታች ገና የጡት ክፍል የሚታይ ከሆነ መካከለኛ ነው። ጫፉ የጡቱ መጨረሻ ላይ ሆኖ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ከባድ ነው። ጫፉ ከማስመሪያው በላይ እያለ የታችኛው ክፍል ብቻ የተንጠለጠለበትም አለ። ሐኪሞች ይህን ደረጃ አሰጣጥ የሬኞ ምደባ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ሁለቱ ጡቶችሽ በተለያየ ደረጃ ላይ ቢሆኑ አይግረምሽ፣ የብዙ ሴት ጡት እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ አቆራረጡ። ለቀላሉ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክብ ተከትሎ መቁረጥ ሊበቃ ይችላል። ጠባሳው ጥቁሩ ቆዳ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ብዙም አይታይም፣ ሁሉም ሰው የሚመኘውም ይህንን ነው። ግን የሚያነሳው ትንሽ ነው። ከአቅሙ በላይ ከተጠየቀ ጡቱን ከፊት ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ክቡም ቀስ በቀስ ተለጥጦ ይሰፋል።

ለመካከለኛው ከክቡ ሌላ ከጫፉ ስር እስከ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ይጨመራል። እዚህ ሐኪሙ የተረፈውን ቆዳ ማስወገድ ብቻ ሳይሆን እጢውንም ወደ ላይ ሰብስቦ ስለሚሰፋው ቅርጹ የተሻለ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ጡቱ ከላይ አብጦ ከታች ተሸብሽቦ ይታያል። አትደንግጪ፣ በወራት ውስጥ ይስተካከላል።

ለከባዱ በእጥፋቱ ውስጥ አግድም የሚሄድ ሦስተኛ መስመር ይመጣል፤ ጠባሳው መልህቅ ይመስላል። ረጅሙ ጠባሳ ይሄ ነው፣ ብዙ ቆዳ የሚያስወግደውም ይሄው ነው። በእኔ አስተያየት ጡቱ በጣም ወርዶ እያለ ጠባሳ ፍራቻ ትንሹን አቆራረጥ መምረጥ ኪሳራ ነው። ጠባሳው አለ፣ ጡቱ ግን አልተነሳም፣ ደግሞ ሁለተኛ ቀዶ ይጠብቅሻል። ጡትሽ በጣም ትልቅ ሆኖ አንገትና ትከሻሽን የሚያምሽ ከሆነ በነዚሁ አቆራረጦች እያነሱ መቀነስም ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሊኮን፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ መሙያ ላይ ነው። ሲሊኮን የጎደለውን ይሞላል፣ አያነሳም። መውረዱ ቀላል ሆኖ ጡቱ ባዶ ከሆነ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በጣም የወረደ ጡት ውስጥ ብቻውን ሲገባ ግን ክብደት ይጨምርበትና ጭራሽ ወደ ታች ይጎትተዋል። ማንሳቱንና ሲሊኮኑን በአንድ ቀን መሥራት ይቻላል፣ ከባድ ሥራ ነው ግን፤ አንዱ ቆዳውን ሲያጠብ ሌላው ይለጥጠዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች መጀመሪያ አንስተው ከወራት በኋላ ሲሊኮኑን የሚያስገቡት። ሲሊኮን ደግሞ የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። ሊቀደድ ይችላል፣ ዙሪያውን ያለው ሥጋ ሊጠነክርበት ይችላል፣ ገጹ ሸካራ የሆነው ዓይነት ደግሞ ጥቂት ሴቶች ላይ ከሚከሰት የሊምፎማ ካንሰር ጋር ተያይዟል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሊኮን ካስገቡ ከ5 እስከ 6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ መታየትን ይመክራል። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው አስቢው። ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ወስዶ ጡት ውስጥ መጨመርም አለ፣ ከፊሉ ግን በሰውነት ተመልሶ ይመጠጣል፣ እሱም ቢሆን አያነሳም።

ጊዜውን በደንብ ምረጪ። ልጅ ለመውለድ እያሰብሽ ከሆነ ቆዪ፣ እርግዝና ሥራውን ሊያፈርሰው ይችላል። እያጠባሽ ከነበረ ካቆምሽ በኋላ ወራት ይለፉ። ክብደት ለመቀነስ ካሰብሽም መጀመሪያ ቀንሺ። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመሽ አቁሚ፤ ኒኮቲን የደም ሥር ስለሚያጠብ የጡቱ ጫፍ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም።

ምክክሩ ላይ አታፍሪ። ጠባሳው የት እንደሚያርፍ በእስክሪብቶ እዚያው ሰውነትሽ ላይ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። በአንቺ ደረጃ የነበሩ ሴቶችን ፎቶ፣ ቢያንስ ዓመት የሞላውን፣ አሳየኝ በይ። ሰውነትሽ ወይም የቤተሰብሽ ጠባሳ እያበጠ የሚያድግ ከሆነ ሳይጠይቅሽ ንገሪው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለው ጠባሳ ስለሚበዛ ውሳኔውን ሊቀይረው ይችላል። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ እንደሚችል፣ ወደፊት ማጥባትም እርግጠኛ እንዳልሆነ ከአፉ ስሚው። ምንም ችግር የለውም እያለ የሚያልፍሽ ሐኪም ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

ቀዶው ብዙውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። የቢሮ ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ትመለሻለሽ፣ ከባድ ነገር ማንሳት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክልክል ነው፣ ልጅ ማቀፍንም ይጨምራል። ስለዚህ የሚያግዝሽ ሰው ቀድመሽ አዘጋጂ። ሐኪሙ የሚሰጥሽን ጡት መያዣ ሌሊትም አታውልቂ። ጠባሳው እስኪደበዝዝ ዓመት፣ አንዳንዴም ዓመት ተኩል ይፈጃል።

እብጠትና መበለዝ ያለ ነው። አንዱ ጡት ብቻ ድንገት አብጦ ከጠነከረ፣ ጫፉ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።