የጭንቅላት ሲቲን በራስ ኬዝ እያነበቡ መማር፦ ከፋይል ቅጂ እስከ ስህተት ደብተር

ሌሊት ሐረጎ ላይ የተገለበጠ መኪና ተጎጂዎች ደሴ ሲደርሱ፣ የራዲዮሎጂስቱ ሪፖርት እስኪመጣ ሲቲውን ቀድሞ የሚያየው ተረኛው ሐኪም ነው። ይህ ጽሑፍ ለእሱ፣ ለኢንተርኖችና ራዲዮሎጂ ለጀመሩ ሬዚደንቶች ነው። የሚፈልጉት ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠር የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ከሆነ እውቅና ካለው ማዕከል ኮርስ ይውሰዱ። ከዚህ ነጥብ አይገኝም፤ ዓይን ግን ይገራል።

1. ፋይሉን ያግኙ

ፊልም አይበቃም። ፊልም ላይ ዊንዶው (የሚታየው የጥቁርና ነጭ ክልል) አይቀየርም፣ ቁጥር አይለካም፣ ስላይስ (አንዱ የምስል ንብርብር) ወደ ላይና ወደ ታች አይንሸራተትም። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ማንሳትና በቴሌግራም መላክማ ሰው ለማማከር ሲቸግር እንጂ ለመማር አይሆንም፤ ቴሌግራም ፎቶውን ጨምቆ ያበላሸዋል፣ የመስኮቱ ብርሃንም ስስ ደምን ይሸፍናል።

የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅደው ሙሉውን የዳይኮም (የሕክምና ምስል ፋይል ዓይነት) ፎልደር በሲዲ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ። ላፕቶፕዎ ላይ ማይክሮዳይኮም ወይም ዌሲስ የተባለውን የምስል ማያ ፕሮግራም ይጫኑ። አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የታካሚውን ስም በፕሮግራሙ ያጥፉና በኮድ ይተኩ። የጨረር መጠን የሚያሳየው ገጽና ስካን ሆኖ የገባ የመጠየቂያ ወረቀት ላይ ስም ሊቀር ስለሚችል ሁለቱን ይሰርዙ።

ኬዙን ሌላ ሰው ይምረጥልዎት፣ ሪፖርቱንም ይደብቅ። ከአምስት ኬዝ ሁለቱ ኖርማል ይሁኑ። ሁልጊዜ በሽታ ያለበትን ብቻ የሚያይ ሰው ጤናማ ጭንቅላት ላይም ደም መፈለግ ይጀምራል።

2. ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ መተኛቱን ያረጋግጡ

ሁለቱ የዓይን ሌንሶች ወይም ሁለቱ የውስጥ ጆሮ ቦዮች አንድ ስላይስ ላይ ካልታዩ ጭንቅላቱ አዘንብሏል። ያዘነበለ ጭንቅላት አንዱን ቬንትሪክል (በአንጎሉ ውስጥ ያለ የፈሳሽ ጓዳ) ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ ያስመስላል። ከማንበብዎ በፊት በፕሮግራሙ ያቅኑት።

3. ዊንዶውን ይቀያይሩ

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲቲ ለእያንዳንዷ ነጥብ የሀውንስፊልድ ቁጥር ይሰጣል፦ አየር −1000፣ ስብ −100 ገደማ፣ ውሃ 0፣ ነጩ የአንጎል ክፍል ከ20 እስከ 30፣ ግራጫው ከ35 እስከ 45፣ ትኩስ ደም ከ50 እስከ 80፣ ጠንካራ አጥንት እስከ 1000ና ከዚያም በላይ። ዓይን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊለየው ስለማይችል ቁራጭ እንመርጣለን። ዊድዝ የቁራጩ ስፋት፣ ሌቭል መሃሉ ነው።

የተለመደው የአንጎል ዊንዶው ዊድዝ 80፣ ሌቭል 40 ነው፤ ማለትም ከ0 እስከ 80። በዚህ ላይ 65 የሆነ ደም ከጥቁር ወደ ነጭ ባለው መንገድ 80 በመቶ ደርሷል፣ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። አጥንቱም ነጭ ነው። ስለዚህ ከራስ ቅሉ ሥር የተነጠፈ 3 ሚሊሜትር ሳብዱራል (በአንጎሉና በወፍራሙ ሽፋኑ መካከል የፈሰሰ ደም) አጥንቱን ትንሽ ወፍራም ከማስመሰል በቀር ምልክት አይሰጥም። አሁን ዊድዙን 200፣ ሌቭሉን 80 ያድርጉት። ቁራጩ ከ−20 እስከ 180 ሆነ፤ ያው 65 የሆነ ደም ወደ 42 በመቶ ወርዶ ግራጫ ይሆናል፣ አጥንቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። መሃላቸው መስመር ይወጣል። በዚህ ዊንዶው የራስ ቅሉን ውስጣዊ ጠርዝ ዙሪያውን ይከተሉ፣ ከዚያ ፋልክስንና ቴንቶሪየምን (አንጎሉን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች የሚከፍሉትን ሽፋኖች)። አናት ላይ ያለውንና ቴንቶሪየም ላይ የተኛውን ደም ከጆሮ እስከ ጆሮ በሚቆርጠው የኮሮናል እይታ ካላዩት ያመልጣል።

ለስትሮክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማጥበብ። ስትሮክ የሚያጠፋው በግራጫውና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት 10 ገደማ ነው። ዊድዝ 80 ላይ ይህ 12 በመቶ የሚሆን የቀለም ልዩነት ነው፤ ዊድዝ 40፣ ሌቭል 40 ላይ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። በ1 ሚሊሜትር ስላይስ ላይ ካጠበቡት ምስሉ አሸዋ ስለሚሆን 5 ሚሊሜትሩን ይጠቀሙ። ለአጥንት ስብራት ግን 1 ሚሊሜትሩ፣ ያውም በአጥንት ከርነል (ጠርዝን በሚያጎላ የምስል ስሌት) የተሠራው። ለለስላሳ ሥጋ የተሠራውን የምስል ተከታታይ ወስዶ ዊንዶውን ብቻ ወደ አጥንት መቀየር ፀጉር የሚያህለውን ስንጥቅ ያደበዝዘዋል።

የትኛውም ዊንዶው የማያወጣው አንድ ወጥመድ አለ። ሳብዱራል ከ3 ቀን እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ከአንጎሉ ጋር እኩል ቀለም ይይዛል። ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይማ ትኩሱም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም በኩል ከሆነ ደግሞ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሚድላይኑ (የአንጎሉ መሃል መስመር) አይንቀሳቀስም። ያኔ የሚፈለገው ደሙ ሳይሆን የአንጎሉ እጥፋት ነው፦ ስንጥቆቹ የራስ ቅሉ ድረስ ይደርሳሉ ወይስ መሃል መንገድ ላይ ይቆማሉ? የ75 ዓመት አዛውንት አንጎል እንደ 20 ዓመት ወጣት ጥቅጥቅ ካለ «ዕድሜውን አልመሰለም» ብለው አይለፉት።

4. ቅደም ተከተል

ደም፣ ሲስተርን (በአንጎሉ ሥር ያሉ የፈሳሽ ኪሶች)፣ አንጎል፣ ቬንትሪክል፣ አጥንት። ሁልጊዜ በዚሁ ተራ፣ መልሱ ገና ስካውቱ (የመጀመሪያው ማቀጃ ምስል) ላይ ቢታይም። አንድ ነገር አግኝቶ ማቆም ሁለተኛውን ያስመልጣል። አደጋ የደረሰበት ሰው ላይ ቆዳው ያበጠበትን ቦታ ይፈልጉና ከሥሩ ስብራትና ኤፒዱራል (በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል የፈሰሰ ደም)፣ ከትይዩው ደግሞ የአንጎል መቀጥቀጥ ይመልከቱ።

ነጭ ሁሉ ደም አይደለም። ፒኒያል፣ ኮሮይድ ፕሌክሰስና ግሎበስ ፓሊደስ የተባሉት የአንጎል ክፍሎች በጤናማ ሰው ላይም ካልሲየም ይይዛሉ። አጥንት ሳይነኩ ትንሽ ክብ አስቀምጠው ይለኩ፤ ከ100 በላይ ከሆነ ደም አይደለም።

አንጎል ውስጥ ያለ ደም መጠን በግምት አይጻፍም። ደሙ ትልቅ ሆኖ በሚታይበት ስላይስ ላይ ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያ በከፍታው ያባዙ፣ ለ2 ያካፍሉ። 4 ሴንቲሜትር በ3፣ ከፍታው 6 ስላይስ በ5 ሚሊሜትር ማለትም 3 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 18 ሚሊሊትር ነው። ሁሉንም ስላይስ እኩል መቁጠር ግን ያጋንነዋል፦ ደሙ ከትልቁ ሩብ የማይሞላባቸውን ይተው፣ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚሆነውን ግማሽ ብለው ይቁጠሩ።

5. መልሱን ሳያዩ ይጻፉ

በቃል «ገብቶኛል» አይበቃም። አራት መስመር በእስክሪብቶ፦ ምን አየሁ፣ የት፣ ስንት ሚሊሜትር፣ ምን ይመስለኛል። ሚድላይን ሺፍት (የመሃል መስመሩ መዛነፍ) ካለ ቁጥሩን ይጻፉ፤ «ትንሽ ሺፍት» የሚል ሪፖርት ለቀዶ ሐኪሙ አይጠቅምም። ለአንድ ኬዝ 20 ደቂቃ ይበቃል። ተረኛ ሆነው አስቸኳይ ነገር ካዩ ግን ልምምዱን ትተው ስልክ ይደውሉ።

6. አንገትና አከርካሪ

ራሱን የሳተ ተጎጂ ጭንቅላቱ በሲቲ ሲነሳ አንገቱም በሲቲ ይነሳ። ከጎን በሚያሳየው የሳጂታል እይታ ላይ አራቱን መስመሮች (የአከርካሪ አካሎቹን የፊትና የኋላ ጠርዝ፣ የአከርካሪ ቦዩን የኋላ ጠርዝና የእሾህ ዘንጎቹን ጫፍ የሚያገናኙትን) ይከተሉ፣ በአንደኛው አከርካሪ የፊት ቅስትና በሁለተኛው አከርካሪ ጥርስ መሰል ዘንግ (ዴንስ) መካከል ያለውንም ይለኩ፤ በራጅ ሲለካ በአዋቂ 3፣ በሕፃን 5 ሚሊሜትር ድረስ ይፈቀዳል። ኤምአርአይ ካለ የጀርባ አጥንት ቲቢን ከተራ መግል ለይቶ መማር ለእኛ አገር ከብዙ ብርቅ ዕጢዎች ይበልጣል። ቲቢ ዲስኩን ቶሎ አይበላም፣ ከሁለት አከርካሪ በላይ በጅማት ሥር ይሄዳል፣ የመግሉ ግድግዳ ስስና ለስላሳ ነው። ተራው መግል ዲስኩን ገና ሲጀምር ያጠፋዋል፣ ግድግዳውም ወፍራምና ወጣ ገባ ነው።

7. የስህተት ደብተር

ከሪፖርቱ ጋር ሲያስተያዩ «ተሳሳትኩ» ብቻ አይጻፉ። ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ሳላየው ያለፈኝ፣ አይቼው በስህተት የተረጎምኩት፣ አውቄው ያልጻፍኩት። የመጀመሪያው ዓምድ ከሞላ ችግሩ ዊንዶውና ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛው ከሞላ መጽሐፍ ይክፈቱ፣ ራዲዮፔዲያ በተባለው ድረ ገጽ ላይም ተመሳሳይ ኬዞችን ይፈልጉ። ሪፖርቱም ሊሳሳት ስለሚችል ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው ውጤት ከቀዶ ሐኪሙ ጠይቀው ጎኑ ላይ ያስፍሩ። የተሳሳቱባቸውን ኬዞች አዲስ ኮድ ሰጥተው ከ6 ሳምንት በኋላ ከአዲሶቹ ጋር ያደባልቋቸው።