ትሬድሚል ላይ በልብ ምት ስትሰሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ጂም የምትሰሩ ልጆች፣ አንዳንድ ትሬድሚል ላይ ያለውን የልብ ምት ፕሮግራም ስትመርጡ ማሽኑ ራሱ ስፒዱን ወይ ኢንክላይኑን (የመሮጫውን ዳገት) እየጨመረ እየቀነሰ ልባችሁን በሰጣችሁት ቁጥር አካባቢ ያቆየዋል፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን እሱ የሚያውቀው እናንተ የሞላችሁትን ቁጥርና ሴንሰሩ የሚነግረውን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ቁጥሩ ላይ ነው። ከፍተኛ የልብ ምት 220 ሲቀነስ እድሜ ነው የሚለውን እንደ ሕግ ይይዙታል፣ እሱ አማካይ ኮ ነው፣ የእናንተ ከፍተኛ ምት ከዛ በ10 እና ከዛም በላይ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። በዛ ላይ የእረፍት ምታቸውን ይረሱታል። የ40 ዓመት ሰው እንውሰድ፣ ከፍተኛው 180 ነው እንበል፣ የሱ 60 ፐርሰንት 108 ነው፣ በዚህ ማሽኑ ብዙውን ሰው ከእርምጃ አያሳልፈውም። የእረፍት ምቱ 70 ከሆነ ግን ከ180 ላይ 70 ቀንሱ፣ 110 ይቀራል፣ የዛን 60 ፐርሰንት፣ 66 ውሰዱና 70ውን መልሳችሁ ደምሩ፣ 136 መጣ። ልዩነቱን እዩት! ጀማሪ ከሆናችሁ በዚሁ ስሌት ከ40 ፐርሰንት ጀምሩ፣ 114 ይሆናል። የእረፍት ምት የሚለካው ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ቡናም ሳትቀምሱ ነው፣ ጣታችሁን የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ።

ሌላው ምት የሚያነበው ሴንሰር ያለበትን እጀታ ይዞ መሮጥ ነው። እጅ ሲያልበውና ሲንቀሳቀስ ንባቡ ይዘባርቃል፣ ምታችሁ 150 ሆኖ እሱ 95 ካነበበ ማሽኑ ሰነፋችሁ ብሎ ስፒድ ይጨምራል፣ ይሄ አደገኛ ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ይሻላል፣ ቆዳ የሚነካውን በኩል ውሃ አስነክታችሁ ከጡት ስር አጥብቃችሁ እሰሩት።

ትዕግስት ማጣትም አለ። ስፒድ ሲጨመር ልብ ወዲያው አይከተልም፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለ30 ሰከንድ ሩጫ ይሄ ፕሮግራም አይሆንም፣ ቁልፉንም ቶሎ ቶሎ አትነካኩት።

ስፒዱ ወረደ ብሎ መናደድ ደግሞ የባሰ ነው። ጅማ ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ከጋምቤላ ቆላ የመጣ ሰው በለመደው ስፒድ ልቡ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ክረምት ላይ መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ ሲታፈንም እንደዛው፣ ማሽኑ ቢቀንስላችሁ ስራውን እየሰራ ነው።

የደም ግፊት ወይ የልብ መድኃኒት የምትወስዱ እናትና አባቶች፣ በተለይ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ምቱን ስለሚይዙት ከላይ ያለው ስሌት ለናንተ አይሰራም፣ ቁጥሩን የሚከታተላችሁ ሐኪም ይንገራችሁ፣ እስከዛ እያወራችሁ መሄድ በምትችሉት ልክ ብቻ ሂዱ። ማሽኑ በተሳሳተ ንባብ ሊፈጥንባችሁ ይችላል፣ ሲሳብ ማሽኑን የሚያቆመውን ገመድ ሁሌ ልብሳችሁ ላይ ቆንጥጡት።