አንድ ክንድ መሬት ለዳይኖሰር፦ ዲዮራማ ሠርቶ ፎቶ የማንሳት ዘዴ

ባለፈው ክረምት እዚህ ደሴ፣ የእህቴ ልጅ የጎማ ዳይኖሰሩን ረከቦት ላይ አቁሞ በእናቱ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁት። ቆሞ ቁልቁል ነበር የሚያነሳው። የወጣውን ፎቶ ደጋግሞ አየና ፊቱ ጠቆረ። «አጎቴ፣ ፎቶ ላይ ሲሆን ለምን ያንሳል?» አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ካሜራው ወደ ታች እንዲሆን ገለበጥኩት፤ የረከቦቱን እንጨት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጌ አነሳሁ። ሲኒዎቹ ከበስተኋላ እንደ ነጭ ቋጥኝ ተደረደሩ፤ እንስሳው ከሁሉም በላይ አንገቱን አሳልፎ ቆመ። ልጁ ስልኩን ነጥቆኝ ወደ እናቱ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችን ስድስት ዲዮራማ ሠርተናል። ዲዮራማ አንድን ቦታ አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ሥራ ነው። ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ሲሆን፣ በ1822 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ፓሪስ ውስጥ ግዙፍ ሥዕሎች በብርሃን እየተለዋወጡ የሚታዩበት አዳራሽ ከፍቶ ነበር። ይኸው ሰው በ1839 ዳጌሮታይፕ የተባለውን የፎቶግራፍ ዘዴ ለዓለም አስተዋወቀ። ስለዚህ ዲዮራማ መሥራትና ፎቶ ማንሳት ከጥንትም የአንድ ቤት ሥራ ናቸው። እኔም የምሠራው እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ካሜራው የት እንደሚቀመጥ ወስኜ፣ መሬቱንም ዛፉንም ለዚያ ዓይን አሰናዳለሁ።

ልክ ማውጣት

ቲራኖሶረስ ሬክስ ከአፍንጫው እስከ ጭራው 12 ሜትር ገደማ ነበር። አሻንጉሊቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ለአርባ ተቀንሷል ማለት ነው። የእርስዎን አሻንጉሊት በማስመሪያ ይለኩና በዚሁ መንገድ ያካፍሉ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከዚህ በኋላ የሚነኩት ነገር ሁሉ በእርሱ ይለካል።

በአንድ ለአርባ ልክ የአንድ ሰው ዓይን ከመሬት 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የካሜራው ቦታ ይህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ በዚያ ዓለም 4 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ትሆናለች፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነች የቡና ፍሬ ደግሞ ሰው የሚቀመጥባት ድንጋይ ናት። ከግንባታ ቦታ የመጣ አሸዋ እንዳለ ከተበተነ መሬቱ በሙሉ ቋጥኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዱቄት ወንፊት ይንፉት፤ ወንፊቱን ግን ወደ ወጥ ቤት አይመልሱት።

እንስሳቱንም በዘመናቸው ይምረጡ። ስቴጎሶረስና ቲራኖሶረስ በአንድ ከረጢት ውስጥ ይሸጣሉ እንጂ በሕይወት ተያይተው አያውቁም፤ በመካከላቸው ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ። ከቲራኖሶረስ እስከ እኛ ያለው 66 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለቲራኖሶረስ ጓደኛው ትራይሰራቶፕስ ነው፤ ለስቴጎሶረስ ደግሞ አሎሶረስ።

ልጁ «ዳይኖሰር ጦሳ ተራራ ላይ ሄዶ ያውቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልሄደም። ደሴን የከበቧት ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ዳይኖሰሮቹ ያኔ ጠፍተው ከርመዋል። ይሁን እንጂ አገራችን አላጣቻቸውም። በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ያ የአሎሶረስና የስቴጎሶረስ ዘመን ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምሠራው ይህን ዘመን ነው።

መሬቱ

ከታች አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቺፑድ ያስፈልጋል። አናጢ ቤት የሚጣለው ቁራጭ ይበቃል፤ ወፍራም ካርቶን ግን እርጥበት ሲነካው ይቆለመማል። ኮረብታውን የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ሆኖ ከሚመጣው ነጭ ፎም ያውጡ። በስለታም ቢላዋ እየቆራረጡ፣ ትልቁን ከኋላ ዝቅተኛውን ከፊት አድርገው ይደርድሩ። ከፊት ያለው መሬት በጣም ዝቅ ይበል፤ ካሜራው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚተኛ አይርሱ፤ እዚያ ጋር ያለች ትንሽ ጉብታ ትዕይንቱን በሙሉ ትጋርዳለች።

ለማጣበቅ የአናጢ ነጭ ኮላ ብቻ ይጠቀሙ። ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል። የሚረጭ ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አንድ ጊዜ ረጨሁና ሁለት ሌሊት የደከምኩበት ኮረብታ ዓይኔ እያየ እንደ በረዶ ሟሸሸ። ፎሙ በኮላ ወይም በጄሶ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፈን የሚረጭ ቀለም አያስጠጉት።

ጄሶ ሲያቦኩ ጄሶውን ወደ ውሃው ይጨምሩ፤ ውሃ ወደ ጄሶ ከተጨመረ ይጓጉላል። የእርጎ ያህል ሲወፍር ፎሙ ላይ በብሩሽ ይቀቡት። በደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር ጥቂት ጥቂት ያቡኩ። ገና ለስላሳ ሳለ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ወይም እውነተኛ ሻካራ ድንጋይ ይጫኑበት፤ የድንጋዩ ስንጥቅና ሻካራነት እዚያው ይታተማል።

ለአፈሩ ከቡና አተላ የሚበልጥ አላገኘሁም። ወሎ ቤት ደግሞ አተላ አይጠፋም። ግን ካልደረቀ ይሻግታል። ምጣድ ላይ በስሱ አስፍተው፣ በትንሽ እሳት እየቆሉ፣ በጣትዎ ሲያሹት እንደ ዱቄት እስኪበተን ያድርቁት። መሬቱን ኮላ ይቀቡ፣ አተላውንና የተነፋውን አሸዋ ይነስንሱ፣ ኮላው ሲደርቅ ያልያዘውን ያራግፉ።

መድረቅን በተመለከተ የደሴና የኮምቦልቻ ነገር ይለያያል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ በነሐሴ ጭጋግ ኮላ ሦስት ቀንም አይደርቅልኝም። ኮምቦልቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቱ ያግዛል፤ እዚያ ያለችው እህቴ ቤት የሠራነው በማግስቱ ለቀለም ደርሶ ነበር። ደሴ ላይ ያለ ሰው ይታገሥ። ለማፍጠን ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ፎሙን ያቀልጠዋል።

ቀለሙን ከጥቁር ወደ ነጣ ያለው ይሂዱ። መጀመሪያ መላውን ድንጋይ በጥቁር ቡናማ ይሸፍኑ። ሲደርቅ ብሩሽ ግራጫ ቀለም አስነክተው፣ ጨርቅ ላይ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ ይጥረጉት፤ ከዚያ ድንጋዩን ዳበስ ዳበስ ያድርጉት። ቀለሙ የጎበጠውን ጫፍ ብቻ ይይዛል፤ ስንጥቁ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሲያደርጉ ጄሶው እጅዎ ላይ ድንጋይ ሲሆን ያዩታል፤ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ደቂቃ ነው።

ዕፅዋቱ

ሣር አያንጥፉ። የሣር ሜዳ ምድርን ያለበሰው ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ጁራሲክ በሚባለው በእነ አሎሶረስ ዘመን አበባም አልነበረም። ቄጤማ ለቡናው ይቆይ። በዚያ ዘመን የነበሩት ፈርን (ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ አበባ የሌለው ተክል)፣ ሳይካድ (ዘንባባ የሚመስል ተክል) እና የጥድ ዘመዶች ናቸው፤ ይህ ለደሴ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። የሐበሻ ጥድ ቅርንጫፍ ጫፉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ጣት የምታህለው ቀንበጥ እንደ ሙሉ ዛፍ ትታያለች። እንስላል ደግሞ ቅጠሉ እንደ ላባ ስለሆነ ለትንንሽ ፈርን ይሆናል። ክረምት ላይ ድንጋይና የግንብ ጥግ የሚያለብሰውን ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን በቢላዋ ጫፍ እንደ ቂጣ ገልብጠው ማንሳትና መሬቱ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

ለአንድ ቀን ፎቶ ትኩስ ቅጠል በቂ ነው። እንዲቆይ ከፈለጉ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝተው አንዱን እጅ ከሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ጋር ይቀላቅሉና የቀንበጡን ግርጌ ለሁለት ሳምንት ያህል ያቁሙበት። ቀለሙ ትንሽ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ግን አይረግፍም።

ረጃጅሙን ወደ ፊት፣ አጫጭሩን ወደ ኋላ ይትከሉ። ዓይን የኋለኞቹን ሩቅ ያሉ ትልልቅ ዛፎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ትንሽ ዳይኖሰር ካለዎትም እንደዚሁ ከኋላ ያቁሙት።

እንስሳው

አሻንጉሊቱ ብዙ ሥራ አይፈልግም። ሆዱና እግሩ ላይ የሚታየውን የፋብሪካ መጋጠሚያ መስመር በምላጭ ይላጩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሹ፣ በሳሙና ይጠቡ። ጭራው መሬት ላይ የሚጎተት ከሆነ ይህ የድሮ አሳሳል ነው፤ ዛሬ ሊቃውንቱ ጭራው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ለሰውነቱ ሚዛን እንደነበር ይስማማሉ። ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ጭራውን ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ሲለሰልስ በጓንት ይዘው ቀና ያድርጉና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ እንደያዘ ይቀራል። ትኩሱን ውሃ ልጅ አይንካ። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም መላ ሰውነቱ ላይ ያፍስሱና ጎልቶ የወጣውን በጨርቅ ይጥረጉ፤ ቀለሙ ቆዳው ላይ ባሉት ጎድጓዶች ይቀራል። የፋብሪካው ማንጸባረቅም በዚሁ ይጠፋል።

ፎቶው

ዲዮራማውን ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ደረትዎ ድረስ በሚደርስ ጠረጴዛ ወይም በረንዳ አጥር ላይ ያድርጉት። እንዲህ ሲሆን ስልኩ የመሬቱ ጠርዝ ላይ ይተኛል፤ የዲዮራማው አድማስና የእውነተኛው አድማስ አንድ መስመር ላይ ይገጥማሉ። በአንድ ክንድ መሬት ኋላ ጦሳ ራሱ ይቆማል። ዕድሜው ባይገጥምም ቅርጹ ከየትኛውም የተሳለ ሰማይ ይበልጣል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ላይ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ዞሮ ማንሳትም እንዲሁ ግሩም ነው። ብቻ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና ቆርቆሮ እንዳይገባ ጠርዞቹን ይፈትሹ። ቤት ውስጥ ከሆነ ሰማያዊና ግራጫ የተቀባ ትልቅ ካርቶን እንደ ማጭድ አጉብጠው፣ ጥላ እንዳይወድቅበት ቢያንስ አንድ ክንድ ከኋላ ያርቁት።

ብርሃን አንድ ይሁን። ፀሐይ አንዲት ናትና ዳይኖሰሩ ሁለት ጥላ ካለው ተመልካች ወዲያው ይነቃል። የምመርጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን ነው፤ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠጠር ጥላ ታወጣለች። ከጎን ትምጣ፤ ከካሜራው ኋላ ከመጣች ሁሉም ነገር ይለጠጥና ጠፍጣፋ ይሆናል። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ደግሞ ተራራው እየሳሳ ይርቃል፤ ያን ጊዜ ሥራ ቢኖርብኝም ትቼው እወጣለሁ።

ስልክ ላይ ጀርባን የሚያደበዝዘውን «ፖርትሬት» የሚባለውን ዘዴ ይዝጉት። ከዳይኖሰሩ ኋላ ያለው ሁሉ በጣም ሲደበዝዝ ዓይን ነገሩ ትንሽ መሆኑን ይረዳል። የስልክ ካሜራ በተፈጥሮው ከቅርብ እስከ ሩቅ ብዙውን አጥርቶ ስለሚያነሳ እዚህ ላይ ከትልቅ ካሜራ ይሻላል። ትልቅ ካሜራ ያለው ሰው የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ላይ አድርጎ፣ በሦስት እግር መቆሚያ ያንሳ። በጣት የእንስሳውን ዓይን ተጭነው ትኩረቱን እዚያ ይቆልፉ፣ ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሱ፣ እጅ እንዳይነቀንቀው በሰዓት ቆጣሪው ያንሱ።

ጭስን በተመለከተ ቤታችን ውስጥ ያለው ይበቃል። የእጣን ማጨሻውን ከኮረብታው ጀርባ ከካሜራው እይታ ውጭ ያስቀምጡ፤ ጢሱ በጥዱ መካከል ሲሾልክ የጠዋት ጉም ይመስላል። መስኮት ይዘጋ፣ ጢሱ ከመወፈሩ በፊት በተከታታይ ሃያ ሠላሳ ፎቶ ይነሳ፣ ከዚያ መስኮቱ ይከፈት። ወፍራም ጢስ እየተጥቀለቀለ ሲወጣ መጠኑ ያጋልጣል፤ የሚፈለገው ተዘርግቶ የሚንሳፈፈው ስስ ነው። ውሃም እንዲሁ አያንስም፤ ጠብታ ምንጊዜም ጠብታ ነው። ወንዝ ከፈለጉ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ የተቀባ መስታወት ይቅበሩ፤ ዳሩን በአሸዋ ይሸፍኑ።

ሃምሳ ፎቶ አንስተው አንድ ቢያገኙ ጥሩ ቀን ነው። ለመምረጥ እኔና የእህቴ ልጅ የምናደርገው ይህን ነው፦ ፎቶውን ስልኩ ላይ ከፍተን ዳይኖሰሩን በአውራ ጣት እንሸፍነዋለን። የቀረው መሬት ብቻውን የሆነ ቦታ ከመሰለ ፎቶው ይቀመጣል። ጠረጴዛ ከመሰለ ስልኩን ሌላ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን እንደገና እናነሳለን።