የሌተርቦክሲንግ ጉዞ በወሎ፦ ዝናብ፣ ጉምና ነፍሳት የሚያመጡት ችግርና መፍትሔው

ሌተርቦክሲንግ በተራራ፣ በጫካ ወይም በሐይቅ ዳር የተደበቀ ትንሽ ሳጥንን በጽሑፍ ፍንጭ እየተመሩ የመፈለግ ጨዋታ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የጎማ ማኅተምና መዝገብ ይቀመጣሉ፤ ያገኘው ሰው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ፣ የራሱን ማኅተም ደግሞ በሳጥኑ መዝገብ ላይ ካሳረፈ በኋላ ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። ጨዋታው የተወለደው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዳርትሙር በሚባለው ረግረጋማ ደጋ ሲሆን፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1854 ጀምስ ፐሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል ወደሚባለው ሩቅ ስፍራ የሚዘልቁ ጎብኚዎች የስም ካርዳቸውን እንዲተዉበት ያስቀመጠው ጠርሙስ ነው። ዳርትሙርም ጉምና ዝናብ የማይለየው አገር ስለሆነ ጨዋታው ከመጥፎ አየር ጋር የተዋወቀው ከጅምሩ ነው።

የወሎ ጠባይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከወባ ትንኝ አገር ወደ ብርድና ጉም አገር ይሻገራል፤ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለ «ደረቅ ወር» ተብሎ የተያዘ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የተፈጠሩት ፈላጊው በዝናብ በተያዘበት ቀን ሳይሆን ሳጥኑ በተደበቀበት ቀን ሆኖ ይገኛል፤ ደባቂው በጥር ፀሐይ ቦታውን መርጦ ፍንጩን ይጽፋል፣ ፈላጊው ግን በነሐሴ ይመጣል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ችግር መፍትሔ ለፈላጊውም ለደባቂውም የሚሆን ሁለት ወገን አለው።

ሳጥኑ አልተሰበረም፣ መዝገቡ ግን ርሷል

ከሁሉም የሚዘወተረው ችግር ይህ ነው። ክዳኑ በአራቱም ጎን እንደተቆለፈ ነው፣ ፕላስቲኩም አንድ ስንጥቅ የለውም፤ ሲከፈት ግን የመዝገቡ ገጾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ሳጥኑን ከማራገፍ በፊት ውሃው የት እንዳለ መመልከት ያስፈልጋል። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች ብቻ ተደርድረው ከታዩ ውሃው ከውጭ አልገባም፤ ሳጥኑ በእርጥብ አየር ወይም በረጠበ እጅ ተከፍቶ ሲዘጋ አብሮ የታመቀው እንፋሎት ሌሊት ደጋው ሲቀዘቅዝ ወደ ጠብታነት ተለውጧል። ውሃው በሳጥኑ ወለል ላይ ከተኛ ደግሞ በክዳኑ በኩል ገብቷል ማለት ነው፤ ጥፋተኛዋም ብዙውን ጊዜ በክዳኑ ዙሪያ ባለችው የጎማ ቀለበት ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የሣር ስንጥር ናት። ዓይን ባያያትም ጣት በቀለበቱ ላይ ዙሪያውን ሲሄድ ያገኛታል።

ለመጀመሪያው ዓይነት እርጥበት መፍትሔው መዝገቡንና ማኅተሙን ለየብቻ አፉ ተጫኖ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥና፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አብሮ መጨመር ነው። ተቋጥሮ የሚገባ ፌስታል ለዚህ አይበቃም፤ ቋጠሮው አየር ያስገባል፣ ከተፈታ በኋላም ማንም እንደነበረ አድርጎ አይቋጥረውም። ዝናብ እየጣለ ሳጥን መክፈት ግድ ከሆነ አንዱ ጃንጥላ ሲይዝ ሌላው እጁን አድርቆ ይክፈት። ለሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ቀለበቱንና የሚገጥምበትን ቦይ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሳጥኑን በጠጠር ላይ ከፍ አድርጎና ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚረዳው ቦታው ራሱ ውሃ የማይተኛበት ከሆነ ነው። በወሎ ኮረብቶች ላይ ደባቂዎችን ከሁሉ በላይ የሚያታልለው የድንጋይ እርከን ነው፤ በየዳገቱ ይገኛል፣ በድንጋዮቹ መካከልም ለሳጥን የሚመች ክፍተት ሞልቷል። እርከን ግን ጎርፍን ገትቶ ውሃና አፈር እንዲያቁር የተሠራ ነውና ክረምት ሲገባ ከጀርባው የሚከማቸው እርጥበት ሳጥኑን ለሳምንታት ያቅፈዋል። ከዚህም በላይ ድንጋዩን ነቅሎ መመለስ የገበሬውን ልፋት ማፍረስ ስለሆነ እርከን ጨርሶ ባይነካ ይሻላል። ተስማሚው ቦታ ወደ ውጭ የወጣ የቋጥኝ ጥላ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከቋጥኙ ሥር ያለው አቧራ አሁንም ደረቅ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚቦን ከሆነ ቦታው ፈተናውን አልፏል።

አስቀድሞ የራሰ መዝገብ በእሳት ዳር አይደርቅም፤ ገጹ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑም ይላቀቃል። በየገጾቹ መካከል ሶፍት አስገብቶ፣ በጠፍጣፋ ነገር ተጭኖ፣ ሶፍቱን እየለወጡ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። በሳጥኑ ውስጥ ከእስክርቢቶ ይልቅ እርሳስ መተው ይመረጣል፤ የእርሳስ ጽሑፍ ውሃ ቢነካውም አይፈስም።

ማኅተሙ ይደበዝዛል ወይም ቀለሙ ይሰራጫል

ማኅተሙ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ከቀረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብርድ ነው። ከደሴ አጠገብ ካለው ከጦሳ ተራራ ጫፍ ወይም ከለጋምቦ ደጋማ ሜዳ በጠዋት የሚወጣ ጎማ ደርቆ ይጠነክራል፤ የማኅተም ቀለሙም ይወፍራል። ማኅተሙን በመዳፍ ወይም በጋቢ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አሙቆ፣ ደብተሩን በጉልበት ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በጠንካራ ካርቶን ላይ ዘርግቶ መምታት ያስተካክለዋል። ቀለሙ ወደ ጎን የሚሰራጭ ከሆነ ግን ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቷል፣ ወይም ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ዓይነት ነው። በዘይት የተበጠበጠው ዓይነት ውሃን ይቋቋማል፤ ለመድረቅ ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ገጹን ወዲያው መክደን አይገባም።

የግል ማኅተም በከተማ ማኅተም ቀራጮች ዘንድ ማሠራት ወይም በትልቅ ላጲስ ላይ በምላጭ መቅረጽ ይቻላል። ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጽሑፍ ያለበት ማኅተም የመሥሪያ ቤት ማኅተም ስለሚመስል አላስፈላጊ ጥያቄ ያስነሣል፤ ቅጠል፣ ወፍ ወይም ጀበና ቢቀረጽ ይሻላል።

ፍንጩ የሚለውና መሬቱ የሚያሳየው አልገጥም ሲል

ፈላጊው ርምጃውን በትክክል ቆጥሯል፣ የተባለው ዛፍም አለ፤ ሳጥኑ ግን የለም። በክረምት የዚህ ዋና ምክንያት ጉም ነው። ደሴን ከከበቡት ከፍታዎች ጉም ሲወርድ ከጥቂት ሜትር በላይ ያለው ሁሉ ይሰወራል፤ «ከተማውን በስተቀኝ እያዩ ውረዱ» የሚል ፍንጭም ዋጋ ያጣል። ሁለተኛው ምክንያት ወቅቱ የመሬቱን መልክ መለወጡ ነው፤ በጥር የተቀጨመ ሣር የነበረው በነሐሴ ወገብ ይደርሳል፣ በመስከረም በአደይ የታወቀው ጉብታ በኅዳር ከሌላው አይለይም፣ በደረቁ ወራት በድንጋይ የሚሻገሩት ጅረትም ክረምት ላይ ድንጋዮቹን ይዟቸው ይሄዳል።

ፈላጊው በጉም ውስጥ ማድረግ ያለበት በእርግጠኝነት ወደሚያውቀው የመጨረሻ ምልክት መመለስና እዚያው መቆየት ነው፤ ፀሐይ ስትጠነክር ብዙ ጊዜ ጉሙ ይነሣል። «ጥቂት ብቻ ወደ ፊት» ማለት በወሎ ተራሮች ላይ በአደጋ የሚያልቅ ቃል ነው፤ ሜዳ የመሰለው ሣር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ገደል አፋፍ ላይ ያቆማልና። ደባቂው በበኩሉ ፍንጩን ከአሥርና ሃያ ርምጃ ርቀት በሚታዩ፣ ወቅት በማይለውጣቸው ነገሮች ላይ መመሥረት አለበት፤ የተሰነጠቀ ቋጥኝ፣ ያረጀ ወይራ ወይም ጽድ ለዚህ ይሆናል። ከዚያም በክረምት አጋማሽ አንድ ጊዜ ተመልሶ የራሱን ፍንጭ እንደ እንግዳ ሰው ቢከተለው ስሕተቱ ወዲያው ይገለጥለታል።

በኮምፓስ የሚመሩ ፈላጊዎች ሌላም ጣጣ አለባቸው። የወሎ ደጋ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ውጤት በሆነው ባዛልት የተሠራ ነው፤ ባዛልት የብረት ማዕድን ስላለበት፣ በተለይም መብረቅ የመታው የተራራ ጫፍ፣ የኮምፓስን መርፌ ሊያስት ይችላል። ኮምፓሱን በቋጥኝ ላይ አስቀምጦ ከማንበብ ይልቅ ከቋጥኙ ራቅ ብሎ፣ ስልክንም ከእጅ አርቆ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ማንበብ ይገባል፤ ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ድንጋዩ እየሳበው ነው።

ሳጥኑን ጉንዳን ወይም ምስጥ ሲወርሰው

ድንጋዩ ሲነሣ ከሥሩ ጉንዳኖች ነጫጭ እጮቻቸውን ተሸክመው ወደ ጥላው ሲሯሯጡ ከታዩ፣ አንዳንዶቹም በክዳኑ ጠርዝ ተደርድረው ከሆነ፣ ሳጥኑ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። የቅቤ፣ የማር ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ምንም ቢታጠብ ሽታው በክዳኑ ቦይ ውስጥ ይቀራል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ በፀሐይ ማስጣት ይረዳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ምግብ ገብቶበት የማያውቅ ዕቃ መጠቀም ነው። ጉንዳኖቹ ጎጇቸውን የሠሩት ከድንጋዩ ሥር ከሆነ ሳጥኑን ማንሣት እንጂ ጎጆውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ አመድ መነስነስም የሚያገለግለው የመጀመሪያው ዝናብ እስኪያጥበው ብቻ ነው። የእንጨት ሳጥን መልኩ ቢያምርም ምስጥ ባለበት መሬት ዕድሜ የለውም፤ ወረቀቱም አብሮ ይበላል።

ከዝናብ በኋላ በመንገድ ላይ ተሰልፎ የሚጓዝ ጉንዳን የገጠመው ሰው ሰልፉን በሰፊ ርምጃ ተሻግሮ ይለፍ፤ አጠገቡ ቆሞ ፍንጭ አያንብብ። የሱሪን ጫፍ በካልሲ ውስጥ ማስገባት ከጉንዳንም፣ ከመዥገርም፣ በከፊል ከሳማም ይጠብቃል።

ከክፍተቱ የንብ ድምፅ ሲሰማ

የዛፍ ግንድ ቀዳዳና የቋጥኝ ስንጥቅ ለሳጥን እንደሚመች ሁሉ ለንብም ይመቻል። ንቦች በአንድ ቀዳዳ ሲገቡና ሲወጡ ከታዩ ሳጥኑ እዚያ ቢኖርም ፍለጋው ለዚያ ቀን አብቅቷል። እጅን ሳያወናጭፉ በመጡበት መመለስ፣ መንጋው ካጠቃ ደግሞ ፊትን ሸፍኖ ቤት ወይም መኪና እስኪገኝ ሳይቆሙ መሮጥ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ የቀረውን መንደፊያ በጥፍርም ሆነ በካርድ ጠርዝ ፈጥኖ ማስወገድ ይገባል፤ ከአወጣጡ ዘዴ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ በቆዳው ውስጥ በቆየ ቁጥር መርዝ ያስገባልና። ከንድፊያ በኋላ ትንፋሽ ያጠረው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ባለበት አካባቢ መደበቅ ከተፈለገ አስቀድሞ ባለቤቱን ማነጋገር ከንቡም ከክርክሩም ያድናል።

ከጉዞ መልስ የሚገኝ መዥገርና ትኩሳት

ከብት በሚሰማራበት ሣር ውስጥ ያለፈ ሰው ማታ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና የጉልበቱን ጀርባ ይመርምር። የተጣበቀ መዥገር በወረንጦ ወደ ቆዳው በጣም ተጠግቶ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ ቀስ ተብሎ ቀጥ ብሎ ይሳባል። በክብሪት መለብለብ ወይም ላምባ መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጎጂ ነው፤ የተረበሸ መዥገር በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊያስገባ ይችላል።

የወባ ነገር ከዚህ ይለያል። ደሴ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ብዙም ላያሳስበው ይችላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑት በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በመርሳና በቆቦ አካባቢ ግን፣ በተለይ ከክረምት መውጫ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ሳጥን ፍለጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት፤ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናደፈው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። ለሚያድርም አጎበር ያስፈልገዋል። ከተመለሱ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከዚያ ዘግይቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ለሐኪሙ ቆላ ወርደው እንደነበር መናገር ምርመራውን ያፋጥናል። ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት አንዳንድ ፕላስቲኮችን ስለሚያሟሟ፣ የተቀባ ሰው ማኅተሙንና ሳጥኑን ከመንካቱ በፊት መዳፉን ቢታጠብ ዕቃው ይተርፋል።

ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ወንዙ ሲደፈርስ

በክረምት የወሎ ሰማይ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ማውረዱ የተለመደ ስለሆነ፣ ጫፍ ላይ ላለ ሳጥን ከማለዳው 12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መውረድ ይገባል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለው ጊዜ በሴኮንድ ተቆጥሮ ለ3 ሲካፈል መብረቁ ያለበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ ፍለጋው ይቋረጥ። ብቻውን ከቆመ ዛፍና ከተራራ ጫፍ ርቆ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ለሳጥን የተመሰገነው የቋጥኝ ጥላ ለሰው ከመብረቅ መጠለያ አይሆንም።

በቦርከናና በገባሮቹ ዳር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይመን። ዝናቡ ከላይ በደጋው ጥሎ ደራሹ ፀሐይ ባለበት ሊደርስ ይችላል፤ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው። የተቆረጠ መንገድ ውሃው እስኪጎድል ይጠበቃል እንጂ አይሞከርም። ደባቂውም በወንዙ ዳር ቁጥቋጦዎች ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ያለፈውን ዓመት ገለባና የፌስታል ብጣሽ ከፍታ ተመልክቶ፣ ሳጥኑን ከዚያ በላይ በደንብ ርቆ ያስቀምጥ።

አየሩ ያቋረጠው ፈላጊ ሳጥኑን አግኝቶ ከነበረ በመዝገቡ ላይ ቀኑንና ያየውን ጉድለት፣ ለምሳሌ «ክዳኑ ውሃ ያስገባል» ወይም «ከድንጋዩ ሥር ጉንዳን አለ» ብሎ በእርሳስ ይጻፍ፤ ለደባቂውም ያሳውቀው። ሳጥኑ ቦታ ሲለውጥ ግን አሮጌውን ፍንጭ በጥቂት ቃላት ከመጠገን ይልቅ ከመነሻው እንደገና መጻፍ ይሻላል፤ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ፍንጭ ፈላጊውን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መካከል ያቆመዋል።